ሌባው የተዋቸው ቀለበቶች

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሠራተኛው ገና ከበር ላይ ሰላምታ እየተለዋወጠ ሳለ፣ የጮራ ብረታ ብረት ወርክሾፕ የግምጃ ቤት ኃላፊ ሸረፈዲን አንድ ጊዜ ብቻ ተጣራ። ሰው ሮጦ ሲደርስ የበሩ ጓጉንቸር ቁልፍ ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል። ውስጥ የነበረው የጣውላ ሳጥን ተገልብጧል። ለአውሮፕላን የተሠሩት የነሐስ ቀለበቶች ግማሾቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ ግማሾቹ የሉም። ሸረፈዲን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሙስበሐውን ይቆጥር ጀመር።

መቶ አለቃ ቀለሙ ከደሴ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጨጓራው እየነደደ ነበር። ከረጅም የፖሊስነት ዘመኑ ያተረፈው ነገር ቢኖር ይሄው ጨጓራና ሰውን ቶሎ ያለማመን አመሉ ነው። ሚስቱ አትጠገብ ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው ትላለች።

ነገሩ ተራ ስርቆት ቢሆን ኖሮ እሱን ማንም ከደሴ ባልጠራው። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጩት ትናንሽ አውሮፕላኖች እግራቸው መታጠፊያ ላይ የነሐስ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ካልያዘ አውሮፕላኑ ሲያርፍ እግሩ ይከዳዋል። ያቺ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ነገር ደግሞ ከውጭ የምትመጣው በአንድ በሬ ዋጋ ነበር፣ ያውም አገሪቱ በሌላት የውጭ ምንዛሪ። መንግሥትና ወርክሾፑ በጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ቀለበቱ እዚሁ ኮምቦልቻ ይሠራ፣ ዋጋውም ከበሬ ወደ በግ ይውረድ ተባለ። ወረደም። ማክሰኞ ኮሚቴው ከአዲስ አበባ መጥቶ ቀለበቶቹን ሊረከብ፣ በማግስቱም አውሮፕላኑ ላይ ተገጥመው ሊበሩ ነበር። የአንበጣው መንጋ በአፋር በኩል እየመጣ ነው እየተባለ ነው፤ የኩታበር ገበሬ የደረሰ አዝመራውን እያየ ሰማይ ሰማይ ያያል።

"ይሄ አሻጥር ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ" አለ የወርክሾፑ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ብሩ። ገና ወጣት ነው፤ የካኪ ልብሱ ተተኩሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። "የአብዮቱ ጠላት እጅ አለበት።"

"ግማሹን ለምን ተወው?"

"ማን?"

"ጠላት።"

ጓድ ብሩ ቀልድ መሆኑን ለማጣራት አየው። "ሰው መጥቶበት ይሆናላ። መክፈቻው ያለው ሸረፈዲንና ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ሞላልኝ ጋ ብቻ ነው። እስከ ማክሰኞ ሌላ ሌባ ካላመጣህልኝ ሸረፈዲንን ለደኅንነት አስረክባለሁ። እነሱ ያናግሩታል።"

ቀለሙ እነዚያ ሰዎች ሲያናግሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ንግግር ተመልሶ የተነጋገረውን ያወራ ሰው ብዙ አላጋጠመውም።

የተሰበረውን ቁልፍ አንሥቶ አገላበጠው። የመዶሻው ምት ጠባሳ የነበረው በቆልማማው ብረት ጫፍ ላይ ነው፣ ቁልፉ ሲቆለፍ ወደ ውስጥ ገብቶ በሚደበቀው በኩል። ተቆልፎ እያለ ያን ቦታ በመዶሻ መምታት አይቻልም። አንድ ሰው መጀመሪያ በመክፈቻው ከፍቶታል፤ ከዚያ ነው የተሰበረ እንዲመስል የቀጠቀጠው። ቀለሙ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ስላየው ነገር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለጓድ ብሩ ቢነግረው ሸረፈዲን ለደኅንነት የሚሰጠው ማክሰኞ ሳይሆን ያኑ ቀን ከምሳ በፊት ነበር።

*

ሸረፈዲንን በባዶ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠው። ጢሙ ሸበት ያለ፣ ቀጭን፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ ሰው ነው። ረዳቱ ሃምሳ አለቃ የሱፍ በሩ ላይ ቆመ።

"ትናንት ማታ የት ነበርክ?"

"ደጋን። ያክስቴ ልጅ ታሞ ዱአ ነበር። መግሪብን እዚያው ሰገድኩ፤ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና መጣሁ።"

"ማን አየህ?"

"ዱአው ላይ የነበረ ሁሉ።"

"የጠረጠርከው ሰው አለ?"

"በሰው ላይ ምን እላለሁ።"

ቀለሙ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። "ስማኝ፣ ሸረፈዲን። እኔ አንተን መያዝ አልፈልግም። ቀለበቶቹን እንዳልነካህ ማልልኝና ሌላ ሰው ልፈልግ።"

ሸረፈዲን ሙስበሐውን ይቆጥር የነበረው ጣቱ ቆመ።

"መሐላ አልወድም" አለ በመጨረሻ።

ወደ ውጭ ሲወጡ የሱፍ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ሰውን በአመሉ ያውቃል።

"ይሄ ነገር አልጣመኝም፣ መቶ አለቃ። እኛ አገር ቲማቲም ሻጩ እንኳ ወላሂ ሳይል ዋጋ አይናገርም። ሰውየው ሊጠፋ ነው፤ አንዲት ወላሂ ልታተርፈው ትችላለች። ፈራት።"

"ሰርቋል እያልክ ነው?"

"ወይ ሰርቋል፣ ወይ የሰረቀውን ያውቃል። አላህን የሚፈራ ሰው ነው፤ በውሸት አይምልም።"

የሱፍ ያኑ ቀን ደጋን ደርሶ ተመለሰ። የሸረፈዲን የምስክር ነገር የሚያስቀና ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዱአው ላይ አብረውት የተቀመጡት ሰዎች፣ እንኳን ወጥቶ አለመሄዱን፣ ስንት ጊዜ እንዳስነጠሰ ሊነግሩት ምንም አልቀራቸውም።

ቀለሙ በዚህ መሐል ከወርክሾፑ አጥር ሥር ሻይና ሳምቡሳ የሚሸጡትን እማማ ኡሙሰልማን አናገረ። አሮጊቷ ሻይ ሳይቀዱለት ሊመልሱለት አልፈለጉም።

"ማታ ከግቢው የሰሙት ነገር አለ፣ እማማ?"

"ኧረ ልጄ፣ ማታ ምን ልሰማ። ለመግሪብ ቤቴ እገባለሁ። ቀን ነው እንጂ፣ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሄዶ ግቢው ጭር ባለበት፣ አንዱ ከውስጥ ቅጭል፣ ቅጭል ሲያደርግ ነበር። አንዳንዱ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ድብ ይላል። ቆይቶ ደግሞ ውሃ ውስጥ ጥልቅ፣ ጥልቅ። ለሶላት ትጥበት፣ ለውዱእ የዘገየ ሰው ነው ብዬ ተውኩት።"

"ቀን ላይ ነው?"

"ቀን ነው ወላሂ። የኔስ ጭንቀት ያ አብራሪው ልጅ ነው። ቁርሱን እኔ ጋ ነው የሚበላ። ይህን ዕቃ ሰረቁት አሉኝ፤ አሁን በምኑ ሊበር ነው?"

ቀለሙ አመስግኖ ሻዩን ጨረሰ። ግቢው ብረት የሚቀጠቀጥበት ግቢ ነው፤ ቀን ላይ ድምፅ መሰማቱ ምን ይደንቃል። እሱ የሚፈልገው ሌሊቱን ነበር፤ ስለዚህ የአሮጊቷን ወሬ ከሻዩ ጋር ዋጠው።

ኢንጂነር ሞላልኝ ከሁሉም ይልቅ ያስጠረጠረው ሰው ሆነ። መነጽሩን ደጋግሞ ይወለውላል። ዓርብ ማታ ደሴ ቤቱ እንደነበረ ጎረቤቶቹ መስክረውለታል።

"ቀለበቶቹ ተፈትነዋል?" አለው ቀለሙ፤ የጠየቀው እንዲያው ለወግ ነበር።

"ተፈትነዋል። ፈርሜያለሁ። ለምን ጠየቅኸኝ?"

"እንዲሁ ነው።"

"ስርቆት ነው የምትመረምረው ብዬ ነው" አለ ኢንጂነሩና መነጽሩን እንደገና አወለቀ።

*

እሑድ ጥቆማ መጣ። ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት የሚነግደው ዘይኑልአቢዲን ዓርብ ማታ ከባድ ጆንያ ሲያስገባ ታይቷል ተባለ። ቀለሙና የሱፍ መጋዘኑ ደረሱ፤ ጆንያዎቹ ተዘረገፉ። የቧንቧ አፍ ወጣ፣ የፋኖስ ቂጥ ወጣ፣ የጥይት ቀለህ እንደ በቆሎ ተዘራ። ቀለበት የለም።

ዘይኑልአቢዲን ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ፍተሻውን ቆሞ ሲያይ ከመቆጣት ይልቅ አዘነላቸው።

"እኔ ከወርክሾፑ የተሰረቀ ልገዛ? ያ አላህ። እነሱ አይደሉ እንዴ ከእኔ የሚገዙት።"

"ምን ይገዙሃል?"

"ይሄንኑ። ለዚያ ለአውሮፕላኑ ነገር። በፊት ከወደብ ንጹሕ ነሐስ ይመጣላቸው ነበር፤ ወጪ ቀንሱ ከተባለ ወዲህ ኢንጂነሩ ሰው እየላከ ከእኔ ይወስዳል። ቀለሁንም፣ ቧንቧውንም፣ እርሳስ የነካካውንም አንድ ላይ ያቀልጡታል።" ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። "እኔ ሻጭ ነኝ፣ ጌታው፤ ገዢ አልመልስም። ግን ከዚህ በተሠራ ነገር ላይ ልጄን ሰማይ አልሰድም።"

ቀለሙ ሌባ ሳይዝ ቤቱ ገባ። የበግ ዋጋ የተባለው ነገር ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶታል። ከስርቆቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልተገለጠለትም። ቁርጥራጩ ርካሽ ነው፤ ከርካሽ ነገር የተሠራን ቀለበት፣ ያውም ግማሹን ትቶ፣ ማን ምን ሊያደርግበት ይሰርቃል?

*

ሰኞ የደሴ ገበያ ነው። አትጠገብ እንስራ ልትገዛ ወጣች፤ ቀለሙንም ተሸካሚ አድርጋ አስከተለችው። ነገ ሰው ሊጠፋበት ነው፣ እሱ እዚህ ሸክላ ተራ ቆሟል። ግን ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከማየት ይሻላል ብሎ ወጥቷል።

አትጠገብ እንስራዎቹ መሐል ቁጢጥ ብላ በጣቷ መገጣጠሚያ አንድ በአንድ አንኳኳች። አንዱ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ በቦታው ትተወዋለች። ሌላው ድብ ይላል፤ ወደ ጎን ትገፋዋለች። ሸክላ ሠሪዋ ፊቷን አጨፈገገች።

"ምን እየለየሽ ነው?" አላት ቀለሙ።

"አታይም? ስንጥቅ ያለበትን ነዋ። በዓይን አይታይም፤ ሲመቱት ግን ድምፁ ይሞታል።"

"ጥሩውን አይደለም የምትለዪው?"

"ጥሩውማ እዚያው ይቀመጥ፣ የትም አይሄድብኝ። መጥፎውን ነው ከመንገዴ የማነሣው።"

ቀለሙ እጁን እንስራ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። አንዳንዱ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ድብ ይላል። የአሮጊቷ ድምፅ ልክ አጠገቡ እንደቆሙ ሆኖ ተሰማው። ሌባው ሰው መጥቶበት ግማሹን አልተወም። መርጦ ነው የተወው።

"እንስራውን ማን ሊሸከም ነው?" አለች አትጠገብ ከኋላው፤ እሱ ግን የሱፍን ፍለጋ ገበያውን እየሰነጠቀ ነበር።

*

ኮምቦልቻ ወርደው ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ቀለሙ ወለሉ ላይ ከተበተኑት ቀለበቶች አንዱን በክር አንጠልጥሎ በመክፈቻ ነካው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሁሉንም መታቸው፤ አንድም ድብ ያለ የለም።

"ውሃ" አለ ቀለሙ። "ጥልቅ ጥልቅ የሚል ውሃ ሰማሁ ብለዋል አሮጊቷ። ሠራተኛው ውዱእ የሚያደርገው የት ነው?"

ከግምጃ ቤቱ ጀርባ አንድ ትልቅ በርሜል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የወርክሾፑ ሰው ከዚያ በርሜል እየቀዳ ሲታጠብ፣ ሥሩ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም። ቀለሙ እጅጌውን ጠቅልሎ እስከ ብብቱ ገባ። መዳፉ የነካው ነገር ክብና ቀዝቃዛ ነበር። አወጣውና አድርቆ መታው። ድብ አለ።

የሱፍ ከንፈሩን መጠጠ። "ዓርብ ቀን በጁምዓ ሰዓት ማለት ነው። እኛ ደግሞ ሰውን ሁሉ ሌሊት የት ነበርክ እያልን ስንለፋ ከረምን።"

"ቁልፉም የተሰበረው ሌሊት አይደለም" አለ ቀለሙ፤ አሁን ብቻ ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። "ከፍቶ ነው የሰበረው። ቅዳሜ ማለዳ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ዓርብ ጁምዓ የቀረው ማነው?"

እሱን ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። ነሐሱን አቅልጦ ቀለበቶቹን ቅርጽ የሚያስይዘው እንድሪስ የሚባል ትከሻ ሰፊ ሠራተኛ ነበር። የሱፍ ምድጃው ጋ ሄዶ ሰላምታውን አስቀደመ፤ ስለ ቤተሰቡም ጠየቀው፤ ከዚያ ነገሩን ጣል አደረገበት።

"ሸረፈዲን? ሁሌ ከጎኔ ነው የሚሰግድ። ዓርብ ለታም ቦታ ይዤ ጠብቄው ነበር። ሳይመጣ ቀረ" አለ እንድሪስ። ያለው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። "አሞት ይሆናል። በአላህ፣ ሃምሳ አለቃ፣ እሱ ሌባ አይደለም። እንዲህ ብሏል ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ።"

ቀለሙ ከኋላ መጥቶ ሁለቱን ቀለበቶች መታለት፤ መጀመሪያ የሚጮኸውን፣ ቀጥሎ ድብ የሚለውን። እንድሪስ ሁለተኛውን ሲሰማ ጓንቱን አወለቀ። እንደገና ምታልኝ አለ። ቀለሙ መታለት። ያ ግዙፍ ሰው የአሸዋው ክምር ላይ ቁጭ አለ።

"የኔ እጅ ነው ያወጣት" አለ። "ሸረፈዲን ይህን አይቶ ነው? ለዚህ ነው ዝም ያለው?"

"ለምን ዝም ይላል?"

እንድሪስ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጓድ ብሩ በአካባቢው አለመኖሩን ዞር ብሎ አየ። "ወንድሜን ኑርሁሴንን በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ወሰዱት። እናቴ ዛሬም ቢሆን የእሱን ምግብ ለይታ ታስቀምጣለች። ሸረፈዲን ጎረቤታችን ነው፤ ያያታል።"

*

አመሻሹ ላይ ቀለሙ ሸረፈዲን ከቅዳሜ ጀምሮ የታሰረበት ክፍል ገብቶ ሁለቱን ቀለበቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ምንም ሳይናገር አንዱን መታ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሸረፈዲን ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት አነሣ።

"በርሜሉን አገኙት" አለ።

"እማማ ኡሙሰልማ ናቸው ያገኙት፣ እኔ ዘግይቼ ነው የሰማኋቸው። በል አሁን ንገረኝ።"

"ሐሙስ ለታ አንዷ ከእጄ አምልጣ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ድምጿ አስደነገጠኝ። ሌሎቹንም መታሁ፤ የሚጮኽ አለ፣ የማይጮኽ አለ። ሄጄ ለኢንጂነሩ ነገርኳቸው። ፈርሜያለሁ፣ ኮሚቴው መጥቶ ይሂድና እናየዋለን አሉኝ። ኮሚቴው ማክሰኞ ይሄዳል፣ ልጁ ረቡዕ ይበራል። በምን መሐል ነው የምናየው?"

"ለጓድ ብሩ ለምን አልነገርክም?"

ሸረፈዲን ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ቢነገረው ምን ይላል? ማነው የሠራት ይላል። እንድሪስ ነው። የተበላሸ የአውሮፕላን ዕቃ የሠራ ሰው ስሙ ምንድነው፣ መቶ አለቃ? አሻጥረኛ ነው። ሌባ ይታሰራል፣ ስንቅ ይወሰድለታል፣ ቀኑን ጨርሶ ይወጣል። አሻጥረኛ ግን መቃብሩም አይታወቅ። የእንድሪስን እናት ሁለተኛ ልጅ ላሳጣት?"

"ስለዚህ ሌባ ሆንክ።"

"ሌባ ልሁን አልኩ። እኔንም አሻጥረኛ ነህ ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ካሉም እንግዲህ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ እናቴም ሞታለች።"

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ምን እንደሚባል ፖሊስ ትምህርት ቤት አላስተማሩትም። "ወላሂ አልነካሁም ብትለኝ ኖሮ ቅዳሜ ዕለት እለቅህ ነበር" አለ ቀለሙ።

"ነክቻለኋ" አለ ሸረፈዲን፣ እንደሚገርም ነገር አድርጎ። "እንዴት እምላለሁ?"

*

ማክሰኞ ማለዳ ቀለሙ ኢንጂነር ሞላልኝን ቢሮው ውስጥ አገኘው። ድብ የሚለውን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኢንጂነሩ አልነካውም።

"ትቀጣኛለህ?" አለ።

"እኔ የመጣሁት ስለ ሌባ ነው።"

"ዋጋውን አውርድ ሲሉኝ አወረድኩ። እንደገና አውርድ አሉኝ። አይቻልም ያለው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው፤ የት እንዳለ አላውቅም። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ መቶ አለቃ።"

ቀለሙ ተናዶበት ነበር የመጣው። አሁን ግን ፊቱ ያለው ሰው ክፉ ሳይሆን የፈራ መሆኑን አየ፤ ፈሪ መሆን ደግሞ በዚያ ዘመን ማንም በማንም ላይ የሚፈርድበት ነገር አልነበረም።

"ዛሬ ኮሚቴው ፊት እኔ የምለው አለኝ" አለው ተነሥቶ። "ስርቆት የለም እላለሁ። የማን ትእዛዝ ነው ብለው ይጠይቁኛል። እዚያ ላይ እኔ መልስ የለኝም።"

ከቀትር በፊት ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። አብራሪው ከጫፍ ላይ ነበር፣ ወጣት፣ ፀሐይ ያጠቆረው። ጓድ ብሩ ተነሥቶ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ረጅም ንግግር አደረገና ወደ ቀለሙ ዞረ።

"ሌባው ተገኘ?"

"ሌባ የለም" አለ ቀለሙ። "ቀለበቶቹ ከግቢው አልወጡም። ስንጥቅ ያለባቸው ተለይተው በርሜል ውስጥ ተቀምጠው ነበር።"

"ተለይተው? በማን ትእዛዝ?"

ቀለሙ ወደ ማንም አላየም። ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

"በእኔ" አለ ኢንጂነር ሞላልኝ። ይህን ጊዜ መነጽሩን አልነካም። "ለሸረፈዲን ለይተህ አስቀምጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ነሐሱ ላይ ቁርጥራጭ ጨምሩበት ያልኩትም እኔ ነኝ። እንድሪስ የሰጠሁትን ነው ያቀለጠው። ዋጋው በዚህ ልክ አይወርድም፣ ጓዶች። ከወረደ አውሮፕላኑም አብሮ ይወርዳል።"

"የተሰበረው ቁልፍስ?" አለ ጓድ ብሩ፣ ሊለቅ አልፈለገም።

"ያረጀ ነበር" አለ ቀለሙ።

"ይህ ሁሉ እውነት ለመሆኑ በአብዮቱ ስም ትምላለህ?"

ቀለሙ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣ። "በአብዮቱ ስም እምላለሁ" አለ፣ አንድ ጊዜም ሳይሰናከል። በሩ ላይ የቆመው የሱፍ ጫማውን ያይ ጀመር።

አብራሪው ተነሥቶ ቀለሙ ያመጣቸውን ሁለት ቀለበቶች ከጠረጴዛው ላይ ወሰደ። እርስ በርስ አላጋጫቸውም፤ እያንዳንዳቸውን በብዕሩ ነካ። ድብ ያለውን መዳፉ ላይ ይዞ ብዙ ቆየ።

"ነገ በዚህች ላይ ላርፍ ነበር" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ከዚያ በኋላ ጓድ ብሩን የሰማው ሰው አልነበረም። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እርጅና የተጫጫናቸው ኮሎኔል፣ ንጹሕ ነሐስ ከወደብ እንዲመጣ፣ የሚጮኹት ቀለበቶች ብቻ ተመርጠው እንዲገጠሙ ወሰኑ። በበግ ሊገዛ የነበረው ቀለበት ወይፈን ላይ ዋጋው ቆመ። ኢንጂነር ሞላልኝ ከሥራ አስኪያጅነቱ ተነሥቶ አንድ የእርሻ ድርጅት ጋራዥ ተመደበ። ልጆቹን ይዞ ሄደ፤ ሲሰናበት የቀለሙን እጅ ሁለት ጊዜ ጨበጠ።

*

ሸረፈዲን የተፈታው ረቡዕ ቀን ነው። ቀለሙ በሩን ራሱ ከፈተለት።

"ለእኔ ብለው በሐሰት ማሉ አሉኝ" አለ ሸረፈዲን። ደስታም ሐፍረትም ፊቱ ላይ ነበር።

"የማልኩት በአብዮቱ ነው" አለ ቀለሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በእግዚአብሔር ቢሉኝ ኖሮ ትንሽ አስብ ነበር።"

ሸረፈዲን ወደ ቤቱ እንዲወስዱት አልፈለገም። ያለፈችው ጁምዓ ከነከነችኝ፣ መጀመሪያ መስጊድ ልግባ አለ። የሱፍም አብሮት ገባ። ቀለሙ እማማ ኡሙሰልማ ጋ ተቀምጦ ጠበቃቸው። አሮጊቷ ሳምቡሳ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ዓይናቸው ከምሥራቅ ሰማይ አይነቀልም። ልጁ ወደ አፋር ከበረረ ቆይቷል።

ድምፁ ቀድሞ መጣ። ከዚያ ትንሿ አውሮፕላን ከኮረብታው በላይ ብቅ አለች፣ ዞረች፣ ወደ ሜዳው ዝቅ አለች። ቀለሙ ሻዩን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ያዘው። እግሯ መሬቱን ነካ፤ አንድ ጊዜ ነጠረች፤ እንደገና ነካች፤ ከዚያ አቧራውን እያስነሣች በእግሯ ቆማ ሮጠች። እማማ ኡሙሰልማ የያዙትን ጥቅል ደረታቸው ላይ አስጠግተው አለቀሱ።

ሸረፈዲን ከመስጊዱ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ኖሯል። ጫማውን በእጁ እንደያዘ፣ አውሮፕላኗ እስክትቆም ድረስ አያት። ቀለሙ ከቅዳሜ ጀምሮ ሲጠብቃት የነበረችውን ቃል የሰማው ያን ጊዜ ነው።

"ወላሂ" አለ ሸረፈዲን፣ "ጥሩ አድርጋ አረፈች።"